ራውተር ከታወር ጋር ስለሚዋዋልበት ሥርዓት

በአዲጋላ ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞች፣ ለነጋዴዎችና ለባቡር ሠራተኞች የተነገረ ዲስኩር



የከተማው ቋንቋ ሶማልኛ ሆኖ ሳለ በአማርኛ እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ ለሁላችሁም፣ ቃሌንም ወደ ሶማልኛ እየመለሱ ለአዛውንቶቹ ለሚያሰሙልኝ መምህር፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዛሬው ነገሬ ከጅቡቲ፣ ከሐርጌሳ ወይም ከድሬዳዋ ገበያ በካርቶን ታሽጎ ስለሚመጣው፣ ሲም ካርድ ተቀብሎ ዋይፋይ ስለሚያድለው፣ ራውተር ስለሚባለው ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከካርቶኑ ወጥቶ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ በመካከል የሚፈጸም ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱም ቅደም ተከተል ያለው፣ ፊተኛው ሳይፈጸም ኋለኛው የማይጀመር ስለ ሆነ፣ «ኔትወርክ የለም» እየተባለ ታወሩ በሚታማበት ጊዜ ጥፋቱ በእውነት የታወሩ መሆን አለመሆኑን፣ ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ሊፈርድ አይችልም። እኔ እንዳየሁት፣ በትንንሽ ከተሞቻችን «ባለሙያ ከድሬዳዋ እስኪመጣ» ተብሎ ለሳምንታት አቧራ እየጠጣ የሚቀመጠው ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ አንድ መስመር ሳይሞላ የቀረበት፣ ወይም አንድ ምርጫ ያለ ቦታው የተመረጠበት ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ ከመሣሪያው ጋር በዚሁ ከተማ እንዲያድር በማሰብ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

አዲጋላ ከሩቅ ጋር መነጋገርን ከብዙ የደጋ ከተሞች ቀድማ ያወቀች ናት። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ በረሃ ያለፈው በነጠላ ሐዲድ ነበር፤ በነጠላ ሐዲድ ላይ ደግሞ ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ ባቡሮች እንዳይጋጩ፣ አንዱ ጣቢያ ሁለተኛውን «መንገዱ ነጻ ነውን?» ብሎ ሳይጠይቅና መልሱን ሳይቀበል ባቡር መልቀቅ አይገባውምና፣ ከሐዲዱ ጎን ሽቦ መዘርጋት ግድ ሆነ። የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክም እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የሚቆጠረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቴሌፎንና የቴሌግራፍ መስመር ባዘዙበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ሁሉ በምሥራቅ በኩል ገብቶ ወደ መካከል የሄደ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንዲህ ያለው አካሄድ በእኛም ዘመን ተደግሟል፤ ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ እንጂ በአዲስ አበባ አልነበረም። የያኔውና የዛሬው ልዩነት ሌላ ላይ ነው። በዚያ በሽቦው ዘመን የቴሌግራፍ መሣሪያው ዝም ሲል ባትሪውን፣ ሽቦውንና ወደ መሬት የሚወርደውን ገመድ በተራ መመርመር የጣቢያ ሰው የሙያው ክፍል ነበር፤ ዛሬ ግን መሣሪያው ከዚያ እጅግ ረቅቆ ሳለ፣ ባለቤቱ ስለ ውስጡ አንዳች እንዲያውቅ የሚጠይቀው የለም። ሻጩ «ሲሙን አስገባ፣ ራሱ ይሠራል» ብሎ ያሰናብተዋል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው፤ የእኔ ንግግር እውነት ስላልሆነበት ጊዜ ነው።

«ስልካችን ሆትስፖት ይከፍት የለምን? ሌላ ሣጥን ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልክ ባለቤቱን ይከተላል፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ለክትባት ወደ ገጠር ሲወጣ ስልኩም አብሮት ይወጣልና፣ ወርኃዊው ሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የሚላክበት ኮምፒውተር በዚያ ቀን ከዓለም ተለይቶ ይውላል። ለመምህራንም ቢሆን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ ሊመካ የማይችል ሆኗል። ራውተር ግን በስፍራው ይጸናል፤ ማንም ቢወጣ ማንም ቢገባ ለቤቱ ሁሉ ያገለግላል። በዚህ ምክንያት እንጂ በፍጥነትስ ከደህና ስልክ የሚበልጥበት ጊዜ እምብዛም ነው።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። የዚህ አገር መንገደኛ ግመሉን እየነዳ በበረሃ ሲሄድ ሌላ መንገደኛ ቢያገኝ ዝም ብሎ እንደማያልፍ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ «ዋራን»፣ ማለት ወሬ ንገረኝ፣ ይባባላሉ፤ ማን እንደ ሆነ፣ የማን ወገን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ዝናም የት እንደ ጣለ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ብቻ ጠያቂ፣ ሌላው ብቻ ተጠያቂ ሆኖም አይቀርም። ራውተርም ኃይል ባገኘ ጊዜ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያ ዝም ብሎ አየሩን ያዳምጣል፤ ታወሮቹ ሁሉ የአገራቸውንና የድርጅታቸውን ቁጥር ሳያቋርጡ ይናገራሉና። የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ 01 ካለ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ካለ ሳፋሪኮም ነው። በሲም ካርዱም ውስጥ እስከ 15 አኃዝ የሚደርስ የደንበኛው መታወቂያ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ አኃዞች እነዚሁ የአገርና የድርጅት ቁጥሮች ናቸው። ራውተሩ የወገኑን ቁጥር በሰማ ጊዜ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይቀርባል፤ ኔትወርኩ ግን በቃሉ ብቻ አያምነውም። በዕጣ የወጣ ረጅም ቁጥር ይልክለታል፤ ሲም ካርዱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በውስጡ በተሸሸገው ምሥጢራዊ ቁልፍ ቁጥሩን አስልቶ ውጤቱን ብቻ ይመልሳል፤ ቁልፉ ራሱ ከሲሙ ውስጥ ወደ አየር አይወጣም። በሁለተኛው ትውልድ፣ ማለት በቱጂ ዘመን፣ የሚጠየቀው መንገደኛው ብቻ ነበርና ሐሰተኛ ታወር ስልክን ለማታለል ይችል ነበር፤ ከሥሪጂ ወዲህ ግን ኔትወርኩም በበኩሉ እውነተኛ መሆኑን ለሲሙ እንዲያስመሰክር ተደርጓል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ይፈጸማል፤ ራውተሩም ይመዘገባል።

ነገር ግን ተመዝግቦ መግባት ወደ ኢንተርኔት መውጣት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ስፍራ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የራውተሩ መብራት በርቶ፣ የኔትወርኩ ስም በገጹ ላይ ተጽፎ፣ የሞገዱም ምልክት ሞልቶ ሳለ አንድም ገጽ የማይከፈትበት ምክንያት፣ ብዙ ጊዜ ራውተሩ በየትኛው በር እንደሚወጣ ስላልተነገረው ነው። የዚያ በር ስም ኤፒኤን ይባላል። አንድ የቴሌኮም ድርጅት አንድ በር ብቻ የለውም፤ ለሕዝብ የሚከፈተው የኢንተርኔት በር አለ፣ ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለገንዘብ ማውጫና ለክፍያ ማሽኖቻቸው ለብቻቸው የሚከራዩት፣ ወደ ኢንተርኔት ፈጽሞ የማያወጣ ሥውር በርም አለ። ለሲሙ የትኛው እንደ ተፈቀደለት በድርጅቱ መዝገብ ተጽፏልና፣ ራውተሩ የጠራው ስም ከመዝገቡ ጋር ካልተስማማ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ከክፍያ ማሽን ወጥቶ «ዳታ አለበት» ተብሎ ወደ ራውተር የገባ ሲም የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ራውተሩን ቢለዋውጡት ለውጥ አያመጣም።

ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሲጻፍ የኖረው ስም በላቲን ፊደል ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ኮም የሚለው ነው፤ ይህም ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የተካው የቀድሞው ኮርፖሬሽን ምኅጻረ ስም መሆኑ፣ መሥሪያ ቤት ቢሞትም ስሙ በመሣሪያ ሆድ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። የሌላ ድርጅት ሲም የያዘ ሰው ስሙን ከሽያጭ ማእከሉ ጠይቆ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል፤ ፊደል ሲጎድል በሩ አይከፈትምና። አጻጻፉንም መጠንቀቅ ይገባል። ስልክ ላይ ሲጻፍ የፊደል ገበታው በራሱ ፈቃድ ከቃሉ መጨረሻ ባዶ ቦታ ይጨምራል፤ ዓይን የማያየው ያ ባዶ ቦታ ለመሣሪያው እንደ አንድ ፊደል ነውና ስሙን ያበላሸዋል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚሉት መስመሮች ድርጅቱ ካልሰጠ ባዶ ይቀራሉ፤ ያን ባዶነት ፈርቶ በግምት የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። የአድራሻውን ዓይነት የሚጠይቀው ስፍራ ላይ ደግሞ ጥርጣሬ ካለ አይፒቪ 4 የሚለውን መምረጥ ይሻላል። ከዚያም አስቀምጦ፣ እነዚህ መስመሮች የተሞሉበት መገለጫ (ፕሮፋይል) ዋናው ሆኖ መመረጡን አይቶ፣ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው።

አንዳንዱ «እኔ ምንም ሳልጽፍ ሠርቶልኛል» ቢል አልዋሸም። በፎርጂ ራውተሩ የበር ስም ሳይጠራ ቢቀር ኔትወርኩ በመዝገቡ ላይ ለዚያ ደንበኛ የተጻፈውን ሊሰጠው ይችላል፤ ብዙ ራውተሮችም የሲሙን ቁጥር አይተው የሚያውቁትን ስም ራሳቸው ይሞላሉ። ነገር ግን ያው ራውተር በሌላ ቀን ፎርጂ አጥቶ ወደ ሥሪጂ ሲወርድ ስሙን መጠየቁ ይመጣና፣ ትናንት የሠራው ዛሬ እንቢ ሲል ባለቤቱ ነገሩን ከአጋንንት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሳይጻፍ ቢሠራም መጻፉን እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው የት ነው? ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ወይም በገመድ ተገናኝቶ፣ በኮምፒውተር ወይም በስልክ መቃኛ (ብራውዘር) ላይ በሣጥኑ ሥር የታተመውን አድራሻ በመጻፍ ነው፤ በብዙዎቹ የሁዋዌ ራውተሮች 192.168.8.1፣ በቲፒ ሊንክ 192.168.1.1 ነው። ይህን ገጽ ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ራውተሩ ራሱ የሚያሳየው ነውና። ከገጹ በስተጀርባ ያለው ሞደም ዛሬም ቢሆን ትእዛዝ የሚቀበለው ኤ እና ቲ በሚሉ ሁለት ፊደላት በሚጀምር ቋንቋ ነው፤ ይህን ቋንቋ በ1981 እ.ኤ.አ. ሄይስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለስልክ ሽቦ ሞደም ያወጣው ሲሆን፣ ሽቦው ቢቀርም ቋንቋው ግን አልቀረም።

ስለ ሲሙም ጥቂት መናገር ይገባል። ወደ ራውተር ከመግባቱ በፊት በስልክ ይፈተን፤ ዳታ በስልክ ላይ ካልሠራ በራውተር ይሠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። የፒን ጥያቄ ካለበትም በስልኩ ላይ ሳለ ይነሣለት፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ራውተሩ ፒን እየጠየቀ ቆሞ እንዲጠብቅ ማን ይፈልጋል? ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፍና ስምንት አኃዝ ያለው ፒዩኬ ያስፈልገዋል፤ እርሱም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይዘጋል። ከውጭ አገር የመጣ ራውተር ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። አንዳንዱ በሸጠው ድርጅት ተቆልፎ የሌላ ሲም አይቀበልም፤ አንዳንዱም የሚሰማቸው የሞገድ ክፍሎች በእኛ አገር ታወሮች ከሚነገሩት ጋር አይገጥሙም። የመጀመሪያውን የመክፈቻ ኮድ ይፈታዋል፤ ሁለተኛውን የሚፈታው የለምና ከመግዛት በፊት የራስን ሲም ይዞ ሄዶ በሱቁ ውስጥ መፈተን ነው። ሌላም የተለመደ ነገር አለ፤ «ፎርጂ ብቻ» የሚለውን ምርጫ ፍጥነት ፈልጎ የነካ ሰው፣ ታወሩ ሥሪጂ ወይም ቱጂ ብቻ ባለበት ስፍራ ራውተሩን ደንቆሮ አድርጎታል። ምርጫው አውቶ በሚለው ላይ ይቆይ።

የሞገድ ብርታትን በምልክቱ ዘንጎች መመዘን አይበቃም፤ ዘንጎቹን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ወደደ ይሥላቸዋልና። በገጹ ላይ አርኤስአርፒ የሚል ከዜሮ በታች የሚጻፍ ቁጥር ይፈለግ። ከዜሮ ታች 85 መልካም ነው፤ ከዜሮ ታች 100 ያሠራል፤ ከዜሮ ታች 115 ላይ የደረሰ በገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። የዚህ ሚዛን ጠባይ ከለመድነው ስለሚለይ አስተውሉ፤ በአሥር መውረድ ማለት አሥር በመቶ መቀነስ ሳይሆን ወደ አንድ አሥረኛ መውደቅ ነው። ከ95 ወደ 105 የወረደ ሞገድ ከአሥር እጅ ዘጠኙን አጥቷል። እንግዲህ ራውተሩን ከጓዳ አውጥቶ ታወሩ ወዳለበት አቅጣጫ ወደ መስኮት ማቅረብ ብቻ ብዙ ዋጋ ያለው ነገር ነው። የአዲጋላ ሜዳ ሰፊና ግልጥ ስለ ሆነ ሞገድ በመንገዱ ላይ የሚያግደው ጥቂት ነው፤ የሚያግደው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳል፤ ግድግዳውም ጣራውም ብረት የሆነው ኮንቴይነር ሱቅ ግን በበሩ በኩል ካልሆነ ጨርሶ አያስገባም። በእንዲህ ያለው ቤት የውጭ አንቴና ያስፈልጋል፤ ፎርጂ በሁለት አንቴና ስለሚቀበልም ሁለት መሆን ይገባቸዋል። ገመዱ ይጠር። በ10 ሜትር ቀጭን የአንቴና ገመድ ውስጥ ከመጣው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው መንገድ ላይ ይቀራልና፣ በከፍታ ያገኙትን በርዝመት መልሰው የሚያጡ ብዙዎች ናቸው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ መልካም ሆኖ ፍጥነቱ በምሽት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ታወሩ በተጠቃሚ ተጨናንቋልና አንቴና መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከረን የሚባለው ዝናም ከመዝነቡ በፊት ያለውን ሐሩር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለቤት የሚሸጡ ራውተሮች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት የአካባቢው ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ለፋብሪካና ለመኪና የሚሠሩት ግን እስከ 75 ዲግሪ የሚታገሡ አሉ፣ ዋጋቸውም በዚያው መጠን ነው። ከሰዓት በኋላ እየተቋረጠ ማታ ደኅና የሚሠራ ራውተር ካለ፣ ታወሩን ከመክሰስ በፊት ከቆርቆሮው ሥር አውርዶ ጥላና ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ ነው፤ ከአቧራ ለመጠበቅ ብሎ በጨርቅ መሸፈን ደግሞ ማፈን ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ በሶላርና በባትሪ ማሠራት የተሻለ ነው፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ራውተሩ በአማካይ 6 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የ12 ቮልት፣ የ12 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ልክ ነው። የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራልና ለአንድ ሌሊትና ቀን 24 አምፔር ሰዓት፣ ደመና ለሆነበት ተጨማሪ ቀን ደግሞ እጥፉ ያስፈልጋል። አስተውሉ፤ ያ «12 ቮልት» የሚባለው ባትሪ ሶላሩ ሲሞላው ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። 12 ቮልት ተብሎ የተጻፈበትን ራውተር በቀጥታ ከእርሱ ጋር ማያያዝ አንዳንዱ ይታገሠዋል፣ አንዳንዱ ይቃጠልበታል፤ በመካከል ቮልቱን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ማስገባት ከሌላ ራውተር ዋጋ ያነሰ ነው።

በጅቡቲ ወሰን ወዳለችው ወደ ደወሌ ለሚመላለሱ ሾፌሮችና ነጋዴዎች የምለው አለኝ። ኢትዮጵያ 636 እንደ ሆነች ሶማሊያ 637፣ ጅቡቲ 638 ናቸው፤ አኃዞቹ እንደ ጎረቤት ተከታትለዋል፣ ሞገድም የድንበር ዘብ አያውቅም። በመኪና ላይ የተገጠመ ራውተር ወደ ወሰን ሲቃረብ የገዛ ወገኑን ሞገድ ደካማ፣ የማዶውን ብርቱ አድርጎ ሲሰማ፣ ሮሚንግ የሚለው ምርጫ ክፍት ከሆነ ወደ ማዶ ሊሻገርና በውጭ አገር ታሪፍ ሊያስከፍል ይችላል። ሮሚንጉን መዝጋት፣ አስፈላጊም ሲሆን ኔትወርኩን በእጅ መርጦ ማጽናት ይገባል። በነገራችን ላይ ከአዲጋላ የሚወጣው መልእክት ራሱ የሚሄደው መንገድ ያስገርማል፤ የአገራችን ኢንተርኔት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ከሚገናኝባቸው መንገዶች አንዱና ዋነኛው ጅቡቲ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የተላከው ቃል ወደ ደጋ ወጥቶ፣ በድርጅቱ በር አልፎ፣ ተመልሶ በዚሁ በረሃ በኩል ወደ ባሕር ሊወርድ ይችላል።

በሩ ተከፍቶ ራውተሩ ሲወጣ ቁጥራዊ አድራሻ ይሰጠዋል። ዓለም የተካፈላቸው የአይፒቪ 4 አድራሻዎች ጠቅላላ ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ሆነ የሞባይል ድርጅቶች ለብዙ ደንበኞች አንዱን አድራሻ በጋራ ይሰጣሉ፤ በራውተሩ ገጽ ላይ በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚገኝ አድራሻ ከታየ ራውተሩ በእንዲህ ያለ የጋራ ጣራ ሥር ነው ማለት ነው። ገጽ ለመክፈት፣ ሪፖርት ለመላክ፣ በቴሌብር ለመክፈል ይህ አንዳች አይጎዳም። የሚጎዳው በመጋዘኑ ካሜራ ሰቅሎ ከድሬዳዋ ሆኖ ሊያየው የሚሻውን ነጋዴ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣ ጥሪ ከጋራው አድራሻ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለምና። መፍትሔው ካሜራው ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥሪውን እንዲጀምር ማድረግ፣ ወይም ራውተሩ ቪፒኤን የሚባለውን የግል መተላለፊያ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው፤ ይህን ሳይረዱ ካሜራውን መልሶ መላልሶ መለዋወጥ በብዙ ስፍራ ያየሁት ብክነት ነው። አድራሻ ተሰጥቶት ሳለ ገጽ ካልከፈተ ደግሞ ከራውተሩ ገጽ ወደ 8.8.8.8 ፒንግ የሚባለው የመሞከሪያ ጥሪ ይላክ፤ ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስም ያለው ገጽ እንቢ ካለ፣ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው በዲኤንኤስ ላይ ብቻ ነው፣ እርሱም በእጅ ሊጻፍ ይችላል።

በመጨረሻ የተገዛው የዳታ ጥቅል ራሱ ያልቃል። ጥቅል ያለቀበት ራውተር ተመዝግቦ፣ ሞገዱም መልካም ሆኖ፣ አድራሻም ይዞ ይገኛልና ከተበላሸ ራውተር ለመለየት ያስቸግራል፤ ሲሙን ወደ ስልክ መልሶ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804# ቀሪውን መጠየቅ ከማናቸውም ምርመራ ይቀድማል። ካለጊዜው የሚያልቅበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይለውጥ የተወ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ይከፍላል፣ በዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ያዩ ስልኮችም በሌሊት የመተግበሪያ ማሻሻያ ያወርዳሉ። የራውተሩ ገጽ መግቢያ ቃልና የዋይፋዩ ቃል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ይለወጡ፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዎች ዘንድ ይቀመጥ፤ አንዱ ሲዛወር ራውተሩ አፉን ዘግቶ እንዳይቀር። የበሩ ስም፣ የሲሙ ቁጥር፣ በሣጥኑ ሥር የታተመው 15 አኃዝ ያለው፣ አይኤምኢአይ የሚባለው የመሣሪያው መለያ፣ ደኅና በሚሠራበት ቀን የታየው የሞገድ ቁጥርም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከራውተሩ አጠገብ ይለጠፉ፤ ነገ ሲቋረጥ ከምን ጋር እንደምታስተያዩት እንድታውቁ።

ከፊቴ ያለው ራውተር የበሩ ስም ተሰርዞ መጥቷል። ከመምህራኑ ወይም ከጤና ጣቢያው ባልደረቦች አንዱ ይቅረብና ገጹን ከፍቶ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ እስባለሁ።